የመጨረሻው ስንት ነው?
ስለ ኦንላይን ግብይትና ስለ ቅናሽ ኩፖን የተዘጋጀ ዲስኩር

እዚህ በማሕሙድ ሃይቤም ሆነ በሌላው የሐርጌሳ ሰፈር የምትኖሩ ወገኖች፤ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ጉዳዩ በስልካችን ዕቃ ልንገዛ ስንል ከክፍያው ገጽ በታች የሚጠብቀን ባዶ ሣጥን ነው፤ «የቅናሽ ኮድ ካለዎት እዚህ ያስገቡ» የሚለው። በገበያ መሐል ለአንድ ሸሚዝ ሁለት ዶላር ለማስቀነስ ሦስት ጊዜ ወጥቶ የሚመለስ፣ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሳይል ኪሱን የማይነካ ሰው፣ ስልኩ ላይ በቀይ ቀለም «40 በመቶ ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ክርክሩን ትቶ እጁን ይሰጣል። ሻጩ ራሱ ቀነሰልኝ ብሎ ያምናልና። የዛሬው ሙግቴ አንድ ነው፤ ኩፖን ስጦታ አይደለም፣ የዋጋ ክርክር ነው። ክርክር ከሆነ ደግሞ ገበያውን ሳያውቅ የገባ ሰው ይሸነፍበታል፣ ዋጋውን አውቆ የገባ ያተርፍበታል።

መጀመሪያ ነጋዴ ለምን ኩፖን እንደሚያወጣ እንይ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1880ዎቹ መጨረሻ አትላንታ ውስጥ የኮካኮላን ንግድ የያዘው ኤሳ ካንድለር አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ማደል ጀመረ፤ ከ1894 እስከ 1913 ባለው ጊዜ ከዘጠኝ አሜሪካውያን አንዱ በዚህ መንገድ ሳይከፍል እንደ ጠጣ ይገመታል። ያኔ ዓላማው ማስቀመስ ነበር። ኋላ ግን ወረቀቱ ሌላ ሥራ ያዘ። ቻክራቫርቲ ናራሲምሃን የተባሉ የገበያ ጥናት ምሁር በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ ኩፖን ገዢዎችን በሁለት የሚለይ ወንፊት መሆኑን አስረዱ። ለዋጋ የማይጨነቀው ሰው ኩፖን ፍለጋ አይደክምም፣ ሙሉውን ይከፍላል፤ ዋጋ የሚያስመርረው ፈልጎ፣ ቆርጦ፣ ጠብቆ በቅናሽ ይገዛል። ሻጩ ሁለቱንም ያገኛል። ወንፊቱ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ አንድ ቁጥር ያሳያል፤ በ2010 በአሜሪካ ለታሸጉ ሸቀጦች 332 ቢሊዮን ያህል ኩፖን ተበትኖ ሥራ ላይ የዋለው 3.3 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ከመቶ አንድ። የቀሩት 99 ወረቀቶች ብክነት እንዳይመስሏችሁ፤ ሻጩ ሙሉ ዋጋ የሚከፍሉትን ደንበኞች ከሌሎቹ የሚለየው በእነሱ ነው። የኦንላይኑ ባዶ ሣጥንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ኮድ ፈልጎ የሚመጣ ሰው «ዋጋው ከብዶኛል» ብሎ ለሻጩ ነገረው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። «ይህ ሁሉ ድብብቆሽ ምን ያደርጋል? ነጋዴው አንድ ቁርጥ ዋጋ ለጥፎ ለሁሉም እኩል ቢሸጥ ሐቀኝነት አይሆንም ወይ?» የሚል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ተሞክሯልም። ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ የልብስና የቤት ዕቃ መደብር በ2012 መጀመሪያ፣ ከአፕል መደብሮች በመጣው ሥራ አስኪያጅ በሮን ጆንሰን መሪነት፣ ኩፖኑንና የቅናሽ ሰሞኑን ሁሉ ሰርዞ ዝቅ ያለ ቁርጥ ዋጋ አወጣ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። በዚያው ዓመት ሽያጩ ሩብ ያህል ቀነሰ፤ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው ወደ 13 ቢሊዮን ወረደ፣ ኩባንያው አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኪሳራ መዘገበ፣ ሰውዬው በሚያዝያ 2013 ተሰናበተ። ብዙዎች ከዚህ የሚያነቡት ገዢው ሞኝ መሆኑን ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ገዢው ቅናሹን የወደደው መታለል ስለሚፈልግ አይደለም፤ ዋጋው ትክክል መሆኑን የሚለካበት ሌላ ነገር ስላልነበረው ነው። የተሰረዘው የድሮ ዋጋ መለኪያ ሆኖ ያገለግለው ነበር፤ መለኪያውን ሲያነሡበት ርካሹም ውድ መሰለው። እኛ «የመጨረሻው ስንት ነው?» የምንለውም በከፊል ለዚሁ ነው፤ የሻጩ ፊት፣ አወራረዱ፣ «አያዋጣኝም» ሲል ድምፁ የሚሰጠን መረጃ አለ።

ችግሩ በስልክ ላይ ያ የተሰረዘ ዋጋ ራሱ ብዙ ጊዜ ፈጠራ መሆኑ ነው። ዕቃው በ100 ዶላር ተሽጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ በ60 ሊሸጥ የታሰበ ዕቃ ላይ 100 ተጽፎ በመስመር ይሰረዛል። ይህ ሐሜት እንዳልሆነ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይመሰክራል። ከግንቦት 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ መመሪያ፣ ቅናሽ አለኝ የሚል ነጋዴ ቅናሹ ከመታወጁ በፊት ባሉት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ የነበረውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ልማዱ ባይስፋፋ ኖሮ ለዚህ ሕግ ባላስፈለገ። በኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ነገር ግን ሐርጌሳ ተቀምጦ ከዱባይ ወይም ከቻይና የሚያዝ ሰው የብራስልስም የአዲስ አበባም ሕግ ሊደርስለት አይችልም፤ መለኪያውን ራሱ መሥራት አለበት። ይህም ከባድ አይደለም። ለአማዞን ዕቃዎች ኪፓና ካሜልካሜልካሜል የሚባሉት መከታተያዎች የአንድን ዕቃ ያለፈ ዋጋ በሥዕል ያሳያሉ። ለሌሎቹ ደግሞ የዕቃውን የሞዴል ቁጥር በሁለት ሦስት ገበያ ላይ መፈለግ፣ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጦ ለጥቂት ቀን ማየት፣ ያየነውን ዋጋ በስልክ ፎቶ ማስቀረት ይበቃል። ኅዳር ሊገባ ሲል ይህ በተለይ ይጠቅማል፤ አሊባባ በ2009 የጀመረው የኅዳር 11ዱ የቻይና ሽያጭም፣ ሱቅ ዶት ኮም በ2014 በዓረቡ ዓለም ያስለመደው «ነጭ ዓርብ»ም የሚመጡት በዚያ ወር ነው፤ የጥቅምቱን ዋጋ ያልያዘ ሰው የኅዳሩ ቅናሽ እውነት ይሁን ሐሰት ማወቂያ የለውም።

አሁን ወደ እኛው ከተማ ጉዳይ ልምጣ፤ የኩፖን ምክር የሚሰጡ ጽሑፎች ሁሉ የሚዘሉት ይህን ነው። እነሱ የሚያስቡት በሩ ላይ ቁጥር ያለው፣ ባንክ ካርድ የያዘ፣ ዕቃው ካልተስማማው በነፃ የሚመልስ ገዢን ነው። የእኛ መንገድ ሌላ ነው። ሐርጌሳ በስልክ ገንዘብ ከብዙ ከተሞች የቀደመች ናት፤ የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም ዛድን የጀመረው በ2009 ነው፣ ኢትዮጵያ ቴሌብርን ያየችው በ2021። ሆኖም ዛድ የከተማውን ሱቅ ሁሉ ቢከፍትልንም የውጭዎቹ ገበያዎች በአመዛኙ የሚጠይቁት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው የሚያዘው ዱባይ ባለ ዘመድ፣ ወይም ኮሚሽን ይዞ በሚያዝ ሰው በኩል ነው፤ ዕቃው እዚያ ይሰበሰብና በአውሮፕላን ወይም በበርበራ ወደብ በኩል በኪሎ ተመዝኖ ይመጣል። እንግዲህ ዋጋችን አራት ነገር ነው፤ የዕቃው ዋጋ፣ የአዛዡ ኮሚሽን፣ የካርጎው ኪሎ፣ ዕቃው ባይሆን የምንሸከመው ኪሳራ። ኩፖን የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሦስቱን አይነካም፤ አንዳንዴም ያባብሳቸዋል።

እንዴት እንደሚያባብስ በምሳሌ ልቁጠር። አንድ ሰው የ40 ዶላር ጫማ ፈለገ እንበል። ገጹ «60 ዶላር ለገዛ 20 በመቶ ቅናሽ» ይላል። ሃያ ዶላር የጎደለውን ለመሙላት አንድ የትከሻ ቦርሳ ጨመረ። ከ60 ላይ 12 ተቀንሶ 48 ከፈለ። ማሽኑ «12 ዶላር አተረፉ» ብሎ ጻፈለት። እውነቱ ግን ከታሰበው በላይ 8 ዶላር ወጥቷል። ቦርሳው አንድ ኪሎ ቢመዝንና ካርጎው በኪሎ 7 ዶላር ቢሆን፣ ያ ቦርሳ እጁ ሲገባ 15 ዶላር ሆነ ማለት ነው፤ ኮሚሽኑን ሳንቆጥር። ተመሳሳዩ እዚሁ ገበያ በ13 ቢገኝ ኩፖኑ አከሰረው። ሁለተኛው ወጥመድ «እስከ» የምትለዋ ገደብ ናት። በኤምሬቶች ገበያዎች የ1,500 ድርሃም ስልክ ላይ «10 በመቶ፣ እስከ 50 ድርሃም» የሚል ኮድ ቢያስገቡ የሚቀነሰው 150 አይደለም፣ 50 ነው፤ ዶላር ለ3.67 ድርሃም የታሰረ ስለ ሆነ 13 ዶላር ከስልሳ ሳንቲም ገደማ፣ ከመቶ ሦስት ነጥብ ምናምን። አሥር የሚለው በትልቅ ፊደል ይጻፋል፣ እስከ የሚለው በትንሽ።

የመመለሱ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ትንሽ ልቆይበት። እነዚያ ትልልቅ ገበያዎች በዋጋቸው ውስጥ የመመለሻ ወጪን አካተው ነው የሚሸጡት። ጫማው ከጠበበው ዱባይ ያለ ገዢ ይመልሳል፣ ገንዘቡን ይወስዳል። እኛ ግን ጫማው ሐርጌሳ ደርሶ ሲጠበን ወደ ዱባይ መልሶ መላኩ ከጫማው ሊበልጥ ይችላል። በሌላ አነጋገር የማንጠቀምበትን አገልግሎት እየከፈልን ነው። ስለዚህ ለእኛ አሥር በመቶ ቅናሽ ገና ቅናሽ አይባልም፤ መመለስ የማንችልበትን ሥጋት እንኳ አይከፍልም። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር አለ። ልክ የማይጠይቁ ዕቃዎች ላይ፣ ማለትም የማኅደረ ትውስታ ካርድ፣ የስልክ መለዋወጫ፣ የታወቀ ሞዴል ያለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ መጽሐፍ፣ ኩፖኑ ዋጋ አለው፤ ክብደታቸውም ትንሽ ነው። ልብስና ጫማ ላይ ግን ሠላሳና አርባ በመቶ ካልሆነ እዚሁ ለክቶ፣ ነክቶ፣ ተከራክሮ መግዛት ይሻላል። ይህ ፍርዴ ነው፤ የማይስማማ ሰው ሒሳቡን በራሱ ካርጎ ዋጋ ይሥራው።

ኮዱ ከየት ይገኛል? ከሁሉ በፊት ከሻጩ ከራሱ። በአሊኤክስፕረስ የብዙ መደብሮች ገጽ ላይ «ኩፖን ውሰድ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ካልነኩት አይሰጥም፣ ወንፊቱ ይኸው ነው። ብዙ ገበያዎች ለመጀመሪያ ትዕዛዝ፣ ወይም በድረ ገጽ ሳይሆን በአፕ ለሚገዛ፣ ወይም ኢሜይሉን ለሰጠ ሰው የተለየ ኮድ ይልካሉ። ቅርጫት ሞልቶ ሳይከፍል የወጣን ሰውም በቅናሽ የሚጠሩ አሉ፤ ከሱቅ ወጥቶ እየሄደ ያለውን ሰው «ና እሺ፣ ውሰድ» ብሎ እንደ መጥራት ያለ ነው። ቀጥሎ የሚመጡት ኮድ ሰብሳቢ ገጾችና በቲክቶክ ስማቸውን በኮድ ያስለመዱ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ደላሎች ናቸው፤ በኮዳቸው በተሸጠ ቁጥር ከሻጩ ኮሚሽን ይቆጠርላቸዋል። ደላላ መሆን ነውር አይደለም። ነገር ግን ደላላ የሚመክረው የሚከፈልበትን ነው፤ የተሻለውን ኮድ ሳይሆን የእሱን ኮድ ያሳያል። ሃኒ የሚባለው ኮድ ፈላጊ መሣሪያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2012 ተመሥርቶ በ2019 ፔይፓል 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ ሊገዛው ተስማማ። በታኅሣሥ 2024 ሜጋላግ የተባለ የዩቲዩብ ዘጋቢ ሁለት ክስ አቀረበበት፤ አንደኛው፣ ዕቃውን ያስተዋወቁ ሰዎች ኮሚሽን ወደ ራሱ ያዞራል፣ ሁለተኛው፣ ከእሱ ጋር የተዋዋሉ መደብሮች የትኛው ኮድ ለገዢ እንደሚታይ እንዲወስኑ ይፈቅዳል የሚል። ፔይፓል የሥራውን ዘርፍ ደንብ እንደሚከተል መለሰ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ጉግልም በቀጣዩ ዓመት ለእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች ያወጣውን ደንብ አጠበቀ። ፍርዱ ምንም ይሁን፣ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ኮድ በነፃ የሚፈልግልን ማንም የሚበላው ከሌላ ቦታ ነው፣ «ከዚህ የተሻለ የለም» ሲለንም ቃሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

«ለሁለት ሦስት ዶላር ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን ምን ይባላል?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። በከፊል ልክ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጊዜ ያለፈባቸው ኮዶች እየለጠፈ ሁለት ዶላር ያተረፈ ሰው ጊዜውን በርካሽ ሸጧል። ይሁን እንጂ ትርፉ ያለው በኮድ ማደኑ ላይ አይደለም፤ ዋጋን ቀድሞ በማወቁና ትዕዛዝን በማሰባሰቡ ላይ ነው። አምስት ጓደኛሞች በየግላቸው ከማዘዝ በአንድ ቅርጫት ቢያዝዙ የ60 ዶላሩን ገደብ ማንም የማያስፈልገውን ቦርሳ ሳይጨምር ይሞሉታል፣ ካርጎውም በአንድ ይጫናል። ዕቁብና ጅምላ ግዢ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው፤ ማን ከፈለ፣ ማን ምን ያህል ኪሎ ወሰደ፣ አንዱ ዕቃ ቢቀር ቅናሹ የማን ድርሻ ላይ ይጎድላል የሚለው ከትዕዛዙ በፊት መጻፍ አለበት። ኩፖን በጠቅላላው ላይ ሲቀነስ አንድ ዕቃ ሲሰረዝ ገደቡ ሊፈርስና ቅናሹ ሁሉ ሊነሣ ይችላልና።

ስለ ማጭበርበር አጭር ነገር ብዬ ልለፍ። የታወቀ ድርጅት ዓመቱን አከበረ ተብሎ «ይህን ሊንክ ለሃያ ሰው ላክ፣ የስጦታ ኩፖን ውሰድ» የሚል መልእክት በዋትስአፕ ስንት ዓመት ሲዞር ኖሯል። እውነተኛ ኩፖን የስልክ ገንዘባችንን፣ የዛድ ወይም የኢዳሃብ ሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም፤ ቅድሚያ ክፍያም አይጠይቅም፤ ኮዱ የሚገባው በሻጩ ገጽ ላይ ነው፣ ሌላ ሰው እንዲያስገባልን አሳልፈን የምንሰጠው ነገር አይደለም። ኢሜይልና ስልክ ቁጥርም ዋጋ ናቸው፤ ለቅናሽ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ኢሜይል መክፈት ከኋላ ከሚመጣው የማስታወቂያ ጎርፍ ያድናል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። «እኛ ከዱባይና ከቻይናው ጓንግዡ በኩፖን ስንገዛ የሠፈራችን ባለ ሱቅ ምን ይብላ?» የሚለው። በተለይ በዚህች ከተማ፤ በሚያዝያ 2022 መግቢያ የዋሂን ገበያ በአንድ ሌሊት በእሳት ሲወድም የስንቱ ቤተሰብ መተዳደሪያ አብሮ እንደ ነደደ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ትልቅ ኩፖን ትንሽ ነጋዴን ሊጎዳ እንደሚችል ማስረጃ አለ። የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኡትፓል ዶላኪያ በ2010 ግሩፖን በተባለው የቅናሽ ገበያ የሸጡ 150 ድርጅቶችን ሲጠይቁ 66 በመቶዎቹ አትርፈናል ሲሉ 32 በመቶዎቹ አላተረፍንም አሉ። ከሦስት አንዱ ማለት ነው። ያልተሳካላቸው ነጋዴዎች በቅናሽ የመጣው ሰው ተመልሶ በሙሉ ዋጋ ይገዛል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ አብዛኛው አልተመለሰም። ስለዚህ የሠፈር ባለ ሱቅ የእነ አሊኤክስፕረስን ኩፖን ይቅዳ አልልም።

ነገር ግን የሠፈሩ ባለ ሱቅ እነሱ የሌላቸው ነገር አለው፤ ገዢውን ያውቀዋል፣ ዕቃው ካልሆነ መልሶ ይቀበላል፣ ካርጎም የለበትም። ከላይ እንደ ቆጠርነው እነዚህ ሦስቱ ከብዙ ኩፖን ይበልጣሉ። እሱን የሚጎዳው ሌላ ልማድ ነው፤ በፌስቡክና በቴሌግራም ዕቃውን ለጥፎ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ማለቱ። አዲስ አበባም እዚህም እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ የተለየ ዋጋ ለመንገር የሚደረግ ነው፤ እሱም በራሱ መንገድ ወንፊት ነው፣ ግን የሚያጠልለው ተቃራኒውን ሰው ነው። የውጭው ገበያ ዋጋውን ስለሚለጥፍ ሸማቹ ማወዳደር ይችላል፤ የሠፈሩ ሻጭ ዋጋውን ስለሚደብቅ ሸማቹ ሳይጠይቀው ያልፋል፣ የሚያልፈውም በትክክል ዋጋ የሚቆጥረው ደንበኛ ነው። ዋጋውን ይለጥፍ፤ ለተመላላሽ ደንበኛው በዛድ ሲከፍለው በሚታየው ስልክ ቁጥር እየለየ ሦስተኛው ወይም አምስተኛው ግዢ ላይ ይቀንስለት። ለዚህ አፕ አያስፈልገውም፣ ለደላላ የሚከፍለው ኮሚሽንም የለም። ሸማቹ ደግሞ ከውጭ ከማዘዙ በፊት ሙሉውን ሒሳብ፣ ካርጎውን ጨምሮ፣ በስልኩ ይዞ ወደዚያ ሱቅ ይሂድና «ይህ ዕቃ እጄ እስኪገባ ይህን ያህል ይፈጅብኛል፤ የመጨረሻህ ስንት ነው?» ይበለው። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የሚችል ነጋዴ በዚህ ከተማ ብዙ አለ፤ ጥያቄውን በዚህ መልክ ይዞ የሚመጣ ገዢ ነው ያነሰው።